«የወፍ ቆሎ» ስሙ እንደሚለው ነውን? ሀገር በቀል የአበባ ቁጥቋጦዎች ለዱር ወፎች የሚሰጡት ነገር

በአማርኛ «የወፍ ቆሎ» የምንለው ቁጥቋጦ አለ። በአንድ የአበባ ራስ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሮዝ ቀለም አሰባጥሮ ያብባል፤ ቅጠሉ ሲታሽ ኃይለኛ ሽታ አለው፤ ጥቃቅን ፍሬዎቹም ሲበስሉ ይጠቁራሉ። ወፎች ፍሬውን ሲለቅሙ ያየ ሰው ይህን ስም ማውጣቱ አያስደንቅም። ይሁንና ሳይንሳዊ መጠሪያው ላንታና ካማራ የሆነው ይህ ተክል መነሻው የአሜሪካ ሞቃታማ ክፍል ነው። ወደ አፍሪካ፣ ወደ እስያና ወደ አውስትራሊያ ለጌጥ ከተወሰደ በኋላ ሰፊ መሬት ወርሮ፣ በዓለም ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳሉ ተብለው ከተመዘገቡት 100 ወራሪ ዝርያዎች አንዱ ሆኗል።

ወፎች ፍሬውን መብላታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ወፍ የሚበላው ተክል ሁሉ ወፍን የሚያኖር ተክል አይደለም። ስለ ወፎችና ስለ ቁጥቋጦዎች በሰፊው የሚታየው አለመግባባት የሚመነጨው እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ ከማየት ስለሆነ፣ ልዩነቱን ከሥሩ ጀምሮ ማየቱ ይጠቅማል።

«ሀገር በቀል» የሚባለው የትኛው ነው?

ሀገር በቀል ተክል ማለት ሰው ሳያመጣው በአንድ አካባቢ የበቀለ፣ ከዚያም አካባቢ አየር፣ አፈር፣ ነፍሳትና እንስሳት ጋር እጅግ ረጅም ዘመን አብሮ የኖረ ተክል ነው። ቃሉ «ሀገር» ቢልም መለኪያው የመንግሥታት ድንበር አይደለም። አጋም ከአፍሪካ አንሥቶ በደቡብ እስያ በኩል እስከ አውስትራሊያ ድረስ በተፈጥሮ ስለሚበቅል በብዙ ሀገሮች ሀገር በቀል ነው፤ በአንጻሩ የአንዲት ሀገር የቆላ ቁጥቋጦ እዚያው ሀገር ውስጥ ወዳለ ደጋ ቢወሰድ ለደጋው እንግዳ ነው። በሰው እጅ ከሌላ ቦታ የመጣው «መጤ» ይባላል። ከመጤዎቹ መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ከተተከሉበት ቦታ አምልጠው፣ በራሳቸው እየተባዙ ሌላውን ተክል ያፈናቅላሉ፤ «ወራሪ» የሚለው ስም የሚገባውም ለእነዚህ ነው።

ቁጥቋጦ ደግሞ ከሥሩ አካባቢ ብዙ ግንድ የሚያወጣ፣ ከዛፍ ያጠረ እንጨታማ ተክል ነው። በሣርና በዛፍ መካከል ያለውን ከፍታ የሚሞላው እሱ ነው። ዛፉና ሣሩ ቀርተው መካከሉ ባዶ ሲሆን፣ መናፈሻ ይበልጥ የተዋበ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በዚያ ከፍታ ላይ ጎጆ ለሚሠሩ ወፎች ግን ቤቱ ፈርሷል ማለት ነው።

ወፍ ቅጠል የማይበላ ከሆነ ቅጠሉ ምን ያደርግለታል?

ብዙ ሰው ለወፍ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያስበው ፍሬን፣ ቀጥሎም አበባን ነው። ለወፎች ከሁሉ የሚበልጠውን ድርሻ የሚይዘው ግን ቅጠሉ፣ ያውም የተቦረቦረው ቅጠል ነው።

ተክል ቅጠሉን እንዲሁ አያስበላም። እያንዳንዱ የተክል ወገን ቅጠሉን መራራ፣ መርዛም ወይም ለመፈጨት አስቸጋሪ የሚያደርግ የራሱ ቅመማ አለው። ቅጠሉን የተቆለፈ ጎተራ አድርገን ብናስበው፣ አብዛኞቹ ቅጠል በል ነፍሳት በረጅም ዘመን ሂደት መክፈት የለመዱት የአንድ ወይም የጥቂት ተክል ወገኖችን ቁልፍ ብቻ ነው። የአንዱ ቢራቢሮ አባጨጓሬ በአንድ ተክል ላይ እየወፈረ፣ አጠገቡ ባለው በሌላው ተክል ላይ ግን በረኃብ ይሞታል። ከሌላ አህጉር የመጣ ቁጥቋጦ መቆለፊያው ለአካባቢው ነፍሳት አዲስ ነው፤ ስለዚህ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ ለምለም ሆኖ ይታያል። አትክልተኛ «ተባይ የማይነካው» ብሎ የሚያመሰግነው ይህንኑ ባሕርይ ነው። ለወፍ ሲታይ ግን ያ ለምለም ቁጥቋጦ የሞላ ሆኖ የማይከፈት ጎተራ ነው።

ይህ ለምን እንዲህ ያሳስባል? አብዛኞቹ የየብስ ወፎች፣ ሲያድጉ ጥራጥሬና ፍሬ የሚበሉት ጭምር፣ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳትና በሸረሪት ስለሆነ ነው። በሰሜን አሜሪካ ከየብስ ወፎች 96 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያደርጋሉ። ርግቦች ከጉሮሯቸው በሚወጣ ወተት መሰል ምግብ፣ ጥቂት ዘር በል ወፎችም በጉሮሯቸው ባለሰለሱት ዘር ያሳድጋሉ፤ የቀሩት ግን ያለ ነፍሳት ትውልድ አይተኩም። አባጨጓሬ ከነፍሳት ሁሉ ይመረጣል፤ ለስላሳ ስለሆነ የጫጩቷን ጉሮሮ አይወጋም፤ በፕሮቲንና በስብ የበለጸገ ነው፤ ከቅጠሉ ያገኘውንም ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር ይዞ ይመጣል።

መጠኑን በአንድ ጎጆ እንየው። ካሮላይና ቺካዲ የምትባለው የሰሜን አሜሪካ ወፍ ክብደቷ 10 ግራም ገደማ ነው። እናትና አባት ከንጋት እስከ ምሽት እየተመላለሱ፣ ጫጩቶቹ ከጎጆ እስኪወጡ ባሉት ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ለአንድ ጎጆ ጫጩቶች ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬዎችን ያመላልሳሉ። ሁለቱ ወፎች ይህን ሁሉ የሚለቅሙት ከጎጆው ብዙም ሳይርቁ ስለሆነ በዙሪያቸው ያለው ተክል ዓይነት የጫጩቶቹን ዕጣ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎቹ ዴዚሬ ናራንጎ፣ ዳግላስ ታላሚና ፒተር ማራ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባሉ መኖሪያ ግቢዎች ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። የቺካዲው ቁጥር ራሱን ተክቶ ሊቀጥል የቻለው በግቢዎቹ ከሚገኘው የእንጨታማ ተክል ብዛት መጤው ከ30 በመቶ በታች በሆነበት ቦታ ነበር። ቁጥሩ የዚያ አካባቢና የዚያች ወፍ ነው፤ ለሌላ አህጉር እንደ ሕግ ሊወሰድ አይገባም። የነገሩ አሠራር ግን በየትም ቦታ ያው ነው፤ ቁልፍ የሌለው ነፍሳት ጎተራውን አይከፍትም፣ ነፍሳት በሌለበትም ጫጩት አያድግም።

ከዚህ የምንረዳው ሌላም ነገር አለ። ሀገር በቀል ቁጥቋጦ ተክሎ ፀረ ተባይ መርጨት ጎተራውን ከፍቶ እህሉን እንደማቃጠል ነው። በሆላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለው ፀረ ተባይ በገጸ ምድር ውኃ ውስጥ በብዛት በተገኘባቸው አካባቢዎች ነፍሳት በል ወፎች ይበልጥ እየቀነሱ መሄዳቸውን አሳይቷል። የተበሳሳ ቅጠልና በቀንበጥ ላይ የተጣበቀ ክሽክሽ ሲያዩ ወዲያው መርጫውን አለማንሣት፣ ወፍ ለሚወድ ሰው ከሁሉ ቀላሉና ከሁሉ የሚከብደው ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ።

አበባውስ ለማን ነው የተዘጋጀው?

አበባ ለወፍ የሚሰጠው ኔክታር፣ ማለትም በአበባው ሥር የሚመነጭ ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ወፉ ፈሳሹን ሲጠጣ የአበባው ብናኝ ይነካካውና ወደ ሌላ አበባ ይዞት ይሄዳል፤ ርክበ ብናኝ የሚባለው ይህ ነው። በአሜሪካ አህጉራት ከ350 የሚበልጡት የሃሚንግበርድ ዝርያዎች፣ በአፍሪካና በእስያ ሰንበርድ የሚባሉት አንጸባራቂ ትናንሽ ወፎች፣ በአውስትራሊያ አካባቢ ደግሞ ሃኒኢተር የተባሉት ይህን ሥራ ይሠራሉ። ሦስቱም የየራሳቸው የዘር ሐረግ ያላቸው ሲሆኑ፣ ለአንድ ዓይነት ሥራ ተመሳሳይ ረጅም ምንቃርና ምላስ ለየብቻቸው አዳብረዋል።

ለወፍ የተዘጋጀ አበባ በመልኩ ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ነው፤ ንቦች ቀይ ቀለምን እምብዛም አይለዩትም፣ ወፎች ግን በደንብ ያዩታል። ሽታው ደካማ ነው፤ ቅርጹ ቱቦ መሰል ነው፤ ፈሳሹም ከንብ አበቦች ይልቅ ቀጠን ያለ ሆኖ መጠኑ ይበዛል። የእሬት አበባን ያየ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ዘንግ ላይ አይቷል።

ይበልጥ ቀረብ ብሎ ለማየት ራስ ክምር የምንለው ተክል ይመቻል። ስሙ እንደሚናገረው አበባው ግንዱን ከብቦ፣ በእርከን እርከን በተደረደሩ ክብ ኳሶች ላይ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ኳስ ብርቱካናማ ቱቦዎች ዙሪያውን ይሠለፋሉ፤ የላይኛው ከንፈራቸው ረጅምና ፀጉራም ሆኖ እንደ ጣሪያ ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ የአበባው ብናኝ ያለውም ከዚያ ጣሪያ ሥር ነው። ሰንበርዱ እንደ ሃሚንግበርድ አየር ላይ ቆሞ መጠጣት እምብዛም ስለማይመርጥ ግንዱን ጨብጦ ይቆማል፤ ምንቃሩን ወደ ቱቦው ሲሰድ ጣሪያው ግንባሩን ያብሰዋል። ኳሱን ዞሮ ሲጨርስ ግንባሩ ላይ ዱቄት ተነስንሶበት ወደሚቀጥለው ተክል ይሄዳል። የሚቆምበት ጠንካራ ግንድ መኖሩ ራሱ የተክሉና የወፉ የረጅም ዘመን ትውውቅ አካል ነው።

ኔክታር ግን በአብዛኛው ስኳርና ውኃ ብቻ ነው፤ ለበረራ ጉልበት እንጂ አካል ለመገንባት አይሆንም። ስለዚህ ሰንበርዶችም ሃሚንግበርዶችም ጥቃቅን ነፍሳትንና ሸረሪቶችን ያድናሉ፣ ጫጩቶቻቸውንም በእነርሱ ያሳድጋሉ። የጎጆአቸውንም ስንጥርና ሣር የሚያያይዙት በሸረሪት ድር ነው። አበባ ብቻ ያለው፣ ሸረሪት የሌለው ግቢ ለእነዚህ ወፎች መጠጥ ብቻ የሚቀርብበት ማረፊያ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ድርብ አበቦች አንድ ነገር ልጨምር። ቀጋ አምስት መልካበባዎች አሉት፤ መካከሉ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አበባው ሲረግፍም ቀይ ፍሬ ይተካል። ለጌጥ የተዳቀሉ ብዙ ጽጌረዳዎች ግን ብናኝ ያወጡ የነበሩ ክፍሎቻቸው ወደ መልካበባ ተለውጠው እንደ ጎመን ተደራርበዋል። ነፍሳት መግቢያ አያገኙም፤ ብናኙ ያንሳል ወይም ይጠፋል፤ ብዙዎቹም ፍሬ አይዙም። ሁለቱም ጽጌረዳ ይባላሉ፤ ለወፍ ግን አንድ አይደሉም።

ፍሬ ሁሉ ለወፍ እኩል ነውን?

አይደለም። ፍሬ ወፍ ዘር እንዲያጓጉዝ የሚከፈለው ደመወዝ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ የደመወዙ ዓይነትና መጠን ግን ከተክል ተክል ይለያያል። አንዳንዱ ፍሬ ስኳርና ውኃ ነው፣ አንዳንዱ ቅባት የበዛበት ነው። የስኳሩ ዓይነት እንኳ ልዩነት ያመጣል። የአሜሪካው ሮቢንና ስታርሊንግ የሚባሉት ወፎች በሸንኮራ ውስጥ ያለውን ሱክሮስ የሚሰብር ኢንዛይም ስለሌላቸው፣ ፍሬው ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተባሉትን ቀላል የስኳር ዓይነቶች ካልያዘ ሆዳቸውን ያውካቸዋል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ወፎች ለረጅም ጉዞ ሲዘጋጁ ነው። ተሰዳጅ ወፍ ከመነሣቱ በፊት በቆዳው ሥር ስብ ማጠራቀም አለበት፤ ስብ በአንድ ግራም ከስኳር ከእጥፍ በላይ ጉልበት ይይዛል። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የተመረመሩት እንደ ቤይቤሪና ቫይበርነም ያሉ ሀገር በቀል ቁጥቋጦዎች ፍሬያቸው ለጉዞ የሚበጅ ብዙ ቅባት ሲይዝ፣ በዚያው መሬት የተስፋፋው የእስያ ጽጌረዳ ፍሬ ቅባቱ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ቤይቤሪ ፍሬውን የሚሸፍነው ሰም ነው፤ ሰምን መፍጨት የሚችሉ ወፎች ጥቂት ናቸው። ቢጫ ወገብ ያላት ዋርብለር የተባለችው ወፍ ግን ስለምትችል ሌሎች ነፍሳት በል ዘመዶቿ ወደ ደቡብ ሲሸሹ እሷ በቀዝቃዛው አካባቢ ትከርማለች። አንድ ቁጥቋጦ ለአንዲት ወፍ የመኖሪያዋን ወሰን ሲያሰፋላት ማየት ይህን ነገር ለሚያጠና ሰው ትልቅ ደስታ ነው።

መጤ ፍሬ አንዳንድ ጊዜ ይገድላል። ናንዲና የተባለው የእስያ ቁጥቋጦ በደማቅ ቀይ ፍሬው ምክንያት በብዙ የአሜሪካ ግቢዎች ተተክሏል። ፍሬው ሳያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሚያዝያ (ኤፕሪል) ወር በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ቶማስ ካውንቲ ውስጥ፣ በርካታ ሲዳር ዋክስዊንግ የተባሉ ወፎች በአንድ ግቢ ሞተው ተገኙ፤ ሲመረመሩ ሆዳቸውና ጉሮሯቸው በናንዲና ፍሬ ተሞልቶ ነበር። ሌሎች ወፎች ጥቂት ቀምሰው ይሄዳሉ፤ ዋክስዊንግ ግን በመንጋ መጥቶ ፍሬውን እስኪጨርስ መዋጥ ልማዱ ስለሆነ መርዙ በዛበት።

የወፍ ቆሎን ጉዳይ የሚያከብደው ደግሞ ሌላ ነው። ወፍ ፍሬውን በልቶ ዘሩን በሄደበት ይጥላል፤ ዘሩ በቅሎ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይሆናል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እምብዛም አያሳድግም። ቅጠሉ ለከብት መርዝ ነው። ወፉ ዛሬ ባገኘው ጥቂት ፍሬ፣ ለጫጩቶቹ አባጨጓሬ ይሰጡ የነበሩትን ቁጥቋጦዎች የሚተካ ተክል ይዘራል።

ጎጆ ለመሥራትስ የትኛው ይመረጣል?

ጎጆ የሚሠራ ወፍ የሚፈልገው ከላይ ከጭልፊት የሚሸፍን ቅጠል፣ ከውስጥ ጎጆውን የሚሸከም ሹካ ቅርንጫፍ፣ ከታች ደግሞ ድመትና እባብ የሚያግድ እሾህ ነው። አጋምና ቀጋ ሦስቱንም ይሰጣሉ፤ እሾሃቸው ለሰው እጅ ያስቸግር እንጂ ለትንሽ ወፍ አጥር ነው። ሽራይክ የተባለው አዳኝ ወፍማ እሾሁን እንደ ምግብ ማከማቻ ይጠቀምበታል፤ የያዘውን ፌንጣ ወይም እንሽላሊት በእሾህ ላይ ሰክቶ በኋላ እየተመለሰ ይበላዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ሎኒሴራና ራምነስ በተባሉ መጤ ቁጥቋጦዎች ላይ ጎጆ የሠሩ ሮቢኖች በሀገር በቀሎቹ ላይ ከሠሩት ይልቅ እንቁላልና ጫጩታቸው በአዳኝ እንደሚበላባቸው አሳይቷል። መጤዎቹ ቀድመው ስለሚለመልሙ ወፎቹን ይስባሉ፤ ነገር ግን ጎጆው ዝቅ ብሎ ይሠራል፣ ስለታም እሾህ የላቸውም፣ ቅርንጫፋቸውም ለአዳኝ መወጣጫ ይመቻል። ለምለምነቱ ወፉን አሳስቶታል ማለት ነው።

ከቁጥቋጦው ሥር የሚረግፈው ቅጠልም የቤቱ አካል ነው። ብዙ አባጨጓሬዎች ቢራቢሮ ወይም የእሳት እራት ከመሆናቸው በፊት ወደ መሬት ወርደው የሚያድሩት በዚያ ውስጥ ነው፤ ቆቅና ጅግራም የሚጭሩት እሱን ነው። በየሳምንቱ ተጠርጎ የሚቃጠል ከሆነ የሚቀጥለው ወቅት አባጨጓሬ አብሮ ይቃጠላል።

መትከል የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር?

ከሁሉ በፊት በአቅራቢያው ባልታረሰ ዳገት፣ በወንዝ ዳር ወይም በቆየ አጥር ላይ የሚበቅለውን ማየት ነው። ችግኙም ከዚያው አካባቢ ከተገኘ ዘር ቢሆን ይመረጣል። አንድ ዓይነት ብቻ ከመትከል፣ በተለያየ ወር የሚያብቡና የሚያፈሩ ሦስት አራት ዓይነቶችን ተጠጋግተው እንዲያድጉ ማድረግ ይሻላል፤ ወፍ የሚራበው በአንድ ወር ብቻ አይደለምና። አንዳንድ ቁጥቋጦዎች እንደ ፓፓያ ወንዴና ሴቴው ተክል የተለያየ ስለሆነ አንዱን ብቻ የተከለ ሰው ፍሬ ሳያይ ይቀራል።

መቀስ የሚነሣበት ጊዜም ይወስናል። ጎጆ በሚሠራበት ወቅት መከርከም እንቁላልን ለአዳኝ ያጋልጣል። ሃውቶርን የተባለው እሾሃማ የአውሮፓ የአጥር ቁጥቋጦ የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገው እንጨት ላይ ስለሆነ በየዓመቱ አጥብቆ የሚከረከም አጥር እምብዛም ፍሬ አይኖረውም፤ በሁለትና በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ በየተራ ሲከረከም ግን በአውሮፓ የብርድ ወቅት ከሰሜን የሚመጡ ወፎችን ይመግባል።

ግቢው ወይም ማሳው ቀድሞውኑ በወፍ ቆሎ የተያዘ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን መንቀል አይመከርም። ሌላ መጠለያ በጠፋበት ቦታ ወፎች እዚያው ውስጥ ገብተው ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከዳር እየነቀሉ፣ በነቀሉበት ሀገር በቀሉን እየተኩ፣ ተተኪው ወፍ ለመደበቅ ሲበቃ ወደ ውስጥ መቀጠል ይገባል። ከዚያ በኋላ ወፎቹ ራሳቸው ተካዮች ይሆናሉ። በባዶ መሬት ላይ የሚያርፉበት ጥቂት እንጨት ቢተከልላቸው፣ ከሌላ ቦታ የበሉትን ዘር ከእንጨቱ ሥር ይጥሉታል። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ እዚያ የበቀሉትን ቡቃያዎች ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የአጋሙ ቡቃያ ሲተው፣ የወፍ ቆሎው በጣት ተይዞ በቀላሉ ከነሥሩ የሚወጣው ያን ጊዜ ነውና።